«ሄሎ» የግርሃም ቤል ፍቅረኛ ስም ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ስልክን የፈለሰፈው ግርሃም ቤል ማርጋሬት ሄሎ የምትባል ፍቅረኛ ነበረችው፣ መጀመሪያ የደወለውም ለሷ ነው፣ «ሄሎ» የምንለው ለዚህ ነው የሚል ጽሑፍ በቴሌግራም ደርሶኝ ለልጆቼ ነገርኳቸው። ትልቋ ልጄ «ውሸት ነው» ብላ ድርቅ አለች። ማናችን ነን ልክ?
አንባቢያችሁ ከአዳማ

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት። ማርጋሬት ሄሎ የምትባል ፍቅረኛ አልነበረችውም። ወሬው ለዓመታት ከስልክ ስልክ ሲዞር ብዙ ሰው አምኖታል፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። እኔን የሚቆጨኝ ግን እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካ ሆኖ ሳለ ማንም አለማውራቱ ነው።

የቤል ሚስት ሜብል ሃባርድ ነበረች። በልጅነቷ በጠና ታማ ጆሮዋ መስማት አቆመ። ቤል ቦስተን ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ንግግር ያስተምር ነበርና የተዋወቁት ተማሪው ሆና ነው። ስለዚህ ደውሎ ሊያናግራት አይችልም፤ አትሰማውማ! እናቱም ጆሮዋ ደካማ ነበር። ሌላው ሰው ጆሮዋ ላይ በሚያዝ ቱቦ ሲያናግራት፣ እሱ ወደ ግንባሯ ጠጋ ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ ያወራት ነበር፣ ንዝረቱ እንዲሰማት። ድምፅ ማለት ንዝረት ነውና።

እ.ኤ.አ. ጁን 2 ቀን 1875 ቤልና ረዳቱ ቶማስ ዋትሰን በአንድ ሽቦ ብዙ የቴሌግራም መልእክት (የዛሬውን መተግበሪያ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ሽቦ የሚላከውን የድሮውን) ለመላክ እየሞከሩ ነበር። ዋትሰን በሌላ ክፍል የተጣበቀበትን ስስ ብረት ለማላቀቅ እንደ ክራር ክር ነካ ሲያደርገው፣ ድምፁ በሽቦው አልፎ ቤል ጋ ደረሰ። ቴሌግራም ኤሌክትሪኩን እያቋረጠ እየቀጠለ ነው የሚሠራው። ቤል ግን ኤሌክትሪኩ ሳይቋረጥ ልክ እንደ ድምፁ ከፍ ዝቅ ካለ ንግግርም ሊሄድ እንደሚችል የገባው ያን ጊዜ ነው።

የስልኩን የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1876 አስገባ፤ ኤሊሻ ግሬይ የሚባል ሌላ ፈጣሪም የራሱን ወረቀት ያስገባው በዚያው ቀን ነው፣ ማን ቀደመ የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም። ማርች 10 ላይ የመጀመሪያው ግልጽ ንግግር በሽቦ አለፈ። «ሚስተር ዋትሰን፣ ወዲህ ይምጡ፤ ፈልጌዎታለሁ» ነበር ያለው። ዋትሰንም ሰምቶ መጣ። ሄሎ የለ፣ ማርጋሬት የለች።

«ሄሎ» ቃሉ ከስልክ በፊትም ነበረ። ቤል ራሱ የሚመርጠው መርከበኞች የሚጠራሩበትን «አሆይ» ነበር። ለስልክ «ሄሎ» ይሻላል ብሎ በ1877 የጻፈው ቶማስ ኤዲሰን ነው፣ የሱ ቃል አሸነፈ።

ፍቅሩን ከፈለጉ ደግሞ ይኸውልዎ፦ ቤልና ሜብል በዚያው በ1877 ሲጋቡ፣ ቤል ከስልክ ኩባንያው ድርሻው 10 አክሲዮን ብቻ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን በሙሉ ለሷ ሰጣት። ለልጆችዎ ይህንን ይንገሯቸው።