ሰርቨሩን ከደረጃ ሥር አውጥተን ወዴት እንውሰደው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምሠራው እዚሁ ድሬዳዋ፣ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራዬ ሂሳብ ነው፤ ኮምፒውተር ትችያለሽ ተብዬ የአይቲውም ጣጣ እኔው ላይ ወድቋል። ሐረርና ጅግጅጋ ቅርንጫፍ አለን። ሠራተኞቹ ስልሳ እንሆናለን። ሰርቨራችን ያለው ምድር ቤት፣ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ግንቦት ላይ ኤሲው ተበላሸና ሰርቨሩ በሙቀት ሁለት ጊዜ ራሱን አጠፋ። አሁን ሥራ አስኪያጃችን «ሁሉንም እስከ መስከረም ክላውድ ላይ አውጪው» ብለውኛል። ከየትኛው ኩባንያ ልግዛ? ደግሞስ ሁሉም ነገር ይወጣል?
የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ከከዚራ

መልስ፦ እህቴ፣ ክላውድ ማለት የሌላ ኩባንያ ሰርቨር በኢንተርኔት መከራየት ነው፤ «ከየትኛው ኩባንያ» የሚለውን ለኋላ እናቆየው። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ውሰጂና ሰርቨሩ ላይ ያለውን ሥራ ሁሉ በየመስመሩ ጻፊ። ኢሜይል፣ ሂሳብ፣ ደሞዝ፣ የመጋዘን መውጫ፣ ስካን የተደረጉ የጉምሩክ ሰነዶች። ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር ሙዪ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ቢጠፋ ይህ ሥራ ስንት ሰዓት ይታገሳል? መረጃው ቢጠፋስ የስንት ሰዓት ሥራ ደግመን ብንሠራ አንከስርም?

ይህን የምልሽ በራሴ ደርሶ ስላየሁት ነው። 2010 ላይ የአንድ ደንበኛዬን ሲስተም እንዳለ ነቅዬ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ለሦስት ወር ሰላም ነበር። ከዚያ አንድ ማክሰኞ መስመር ተቋረጠ። መጋዘኑ በር ላይ አምስት የጭነት መኪና ቆሟል። ዕቃው ከግድግዳው ወዲያ ተቆልሏል። የመውጫው ወረቀት ግን ያለ አውሮፓ አይታተምም! ሾፌሮቹ መኪናው ጥላ ሥር ካርቶን አንጥፈው ጫታቸውን ፈቱ። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ አንድ ቃል አልተናገረችኝም። መሳቢያዋን ከፍታ ካርቦን ያለው አሮጌ ጥራዝ አወጣች። አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በእጇ መጻፍ ጀመረች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ የመጋዘን መውጫና የሽያጭ ደረሰኝ ከቤት አይውጡ። በየቅርንጫፉ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ሥራውን ትሥራ፤ መስመር ሲኖር የሠራችውን ወደ ላይ ትላክ። ሶፍትዌሩን የሸጠላችሁን ሰው «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። «አዎ» ካለሽ ገመዱን እዚያው ነቅለሽ እንዲያሳይሽ አድርጊ። ደንበኛን «ሲስተም የለም» ብሎ መመለስ ለባንክ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለእናንተ አያዋጣም።

የሚወጣውስ? ክላውድ ሲባል አንድ ዓይነት አይደለም። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገብተሽ ልብስ እንደምትፈልጊ አስቢው። ጣቃ ጨርቅ ብቻ መግዛት ትችያለሽ፤ ባዶ ማሽን ያከራዩሻል፣ መጫኑ፣ ማደሱ፣ መጠበቁ ያንቺ ነው። ጨርቁን ለሰፊ መስጠትም አለ፤ ዳታቤዙን፣ ማለትም መረጃው ተደርድሮ የሚቀመጥበትን፣ እነሱ ያስኬዱልሻል፣ ባክአፑንም (መጠባበቂያ ቅጂውን) ይይዙልሻል፣ አንቺ መረጃሽን ታስገቢያለሽ። ተሰፍቶ የተሰቀለም አለ፤ ኢሜይል እንደዚያ ነው፣ በሰው ቁጥር ከፍለሽ ትለብሺዋለሽ። አይቲ ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ ያውም በትርፍ ሰዓትሽ፣ ጣቃውን ተዪው። ኢሜይሉን ተሰፍቶ ካለቀው ግዢ። ሂሳቡን ለሰፊው ስጪ። የይለፍ ቃሉና ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው ግን በሦስቱም ያንቺው ራስ ምታት ነው። ሥራ የለቀቀ ሠራተኛን አካውንት በዕለቱ ዝጊ።

ባክአፑ ደግሞ መስከረምን አይጠብቅም። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በወሰደበት ከተማ ውስጥ ነን እኮ። ሰርቨርም ባክአፕም አንድ ምድር ቤት ውስጥ? አቦ፣ ተይ! (የሚገርመው አማዞን ሰርቨር በሰዓት ማከራየት የጀመረው በዚያው በ1998 ነሐሴ ነው። እኛ ጭቃ ስንዝቅ ማለት ነው።) ባክአፑን ለመጀመሪያ ጊዜ ክላውድ ላይ መጫን ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ያላችሁ 800 ጊጋባይት ነው እንበል። በሰከንድ 20 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 89 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም ሳይቋረጥ። ዓርብ ማታ አስጀምሪው። ካለቀ በኋላ አንድ ፋይል መልሰሽ አውርጂና ክፈቺው። ተመልሶ ሲከፈት ያላየሽውን ባክአፕ እንደሌለ ቁጠሪው።

ገንዘቡን ለሥራ አስኪያጅሽ በብር አስልተሽ አሳዪያቸው። የውጭዎቹ ዋጋ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በወር 400 ዶላር የሚከፍል ድርጅት 22,800 ብር ያወጣ ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው ሰርቨር 52,000 ብር ሆነ። ፍጥነት አልጨመረም፣ ቦታ አልጨመረም። ሌላም አለ። መረጃ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ነው፤ የሚያስከፍሉት ስታወጪ ነው። አማዞን በወር የመጀመሪያውን 100 ጊጋባይት በነፃ ይለቅልሻል፤ ከዚያ ወዲያ ይቆጥራል። እኔ ለሙከራ ከፍቼ የረሳኋት አንዲት ማሽን ሦስት ወር ሙሉ ስትቆጥርብኝ ከርማለች። አካውንቱን የከፈትሽ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳትነኪ፣ ሒሳቡ ይህን ያህል ሲደርስ ኢሜይል እንዲልክልሽ አድርጊ።

አሁን ወደ ኩባንያው። አማዞን ኬፕታውን ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ አለ። ማይክሮሶፍት በ2019፣ ጉግል በ2024 ጆሃንስበርግ ገብተዋል። አገር ቤት የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፤ የምትከፍዪው በብር ነው። እኔ ብሆን ባክአፑንና ሂሳቡን አገር ውስጥ አስቀምጬ እጀምራለሁ። ምክንያቴ ብሩ ብቻ አይደለም። የሠራተኞቻችሁ የደሞዝ ፋይል የግል መረጃ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ወደ ውጭ ከመላክሽ በፊት የድርጅቱ ጠበቃ ያንብበው። ዳታቤዙም እንደ ፖስትግሬስ ያለ፣ የትም ብትሄጂ የሚከተልሽ ይሁን። የአንድ ኩባንያ ብቻ የሆነውን ከያዝሽ መውጫው ይጠብብሻል።

መስመሩን ሁለት አድርጊው፤ ከሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች። ድሮ ይህን ብመክር ይሳቅብኝ ነበር። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ላይ ኔትዎርኩን መጀመሪያ የለቀቀው ግን እዚሁ እኛ ድሬ ላይ ነው። አንዱ ፋይበር፣ ሌላው በሲም የሚሠራ ቢሆን ይበቃል።

እስከ መስከረም «ሁሉም» አያልቅም። ኢሜይሉና ባክአፑ ያልቃሉ፤ ሂሳቡ እስከ ጥር ቢቆይ ማንም አይሞትም። ለአለቃሽ ወረቀቱን ይዘሽ ግቢ፣ ያን በየመስመሩ የጻፍሽውን። እስከዚያው ኤሲው ይጠገን። ሰርቨሩንም ከወለሉ አንሺና ቢያንስ ጠረጴዛ ላይ አውጪው።