አሸዋ አውጪዎች የአባቴን ማሳ እየናዱት ነው፤ መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። አባቴ ጉማራ ወንዝ ዳር ሩዝና ሽንኩርት ያመርታል። ካለፈው ዓመት መስከረም ጀምሮ ኤክስካቫተር ገብቶ አሸዋ ያወጣል፣ ሲኖ ትራክ ሌት ተቀን ይመላለሳል። የማሳው ዳር እየተናደ ነው፤ የእጅ ጉድጓዳችንም ውኃው ሸሽቷል። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «አሸዋ ሲወጣ ጨዋማ ውኃ ይገባል» ብሎ አስደንግጦናል። ሰዎቹ ፈቃድ አለን ይላሉ። አባቴ በማሳው ጥግ ለሚያልፉት መኪኖች በየምልልሱ ትንሽ ብር ይቀበላል። መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ እህቴ። መጀመሪያ ግን ጨው የሚለውን ከአቤቱታዎ ያውጡት። ወንድምዎ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ቬትናም ውስጥ ሜኮንግ ወንዝ ባሕር በሚገባበት ቆላ አሸዋው ሲዛቅ የወንዙ ወለል ዝቅ ይላል። በበጋ ውኃው ሲቀንስ ባሕሩ ሽቅብ ይገፋና የሩዝ ማሳውን በጨው ይመታል። ጉማራ የሚገባበት ጣና ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ጨው የሌለበት ሐይቅ ነው። ያቺን አንዲት ቃል ከጻፉ የተከሳሽ ጠበቃ እሷን ይዞ እውነተኛውን ጉዳት ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

እውነተኛው ጉዳት ደግሞ በቂ ነው። የወንዙ ወለል ሲወርድ የዳሩ የከርሰ ምድር ውኃም አብሮ ይወርዳል፤ ጉድጓድ የሚደርቀው፣ ዳሩም ሥሩ ተበልቶ የሚናደው ለዚህ ነው። «ጉድጓዱ ፈቃድ የለውም» ካሏችሁም አትደንግጡ። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም።

የአሸዋውን ዋጋ ግን አይጠይቁ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የአባትዎ መብት ይዞታው ላይ ነው። ይዞታ ሲነካ እንዲቆም ለመጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149፣ ካሳ ለመጠየቅ አንቀጽ 2028 አለ። ለሁለቱም የተሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። መናዱ የጀመረው ባለፈው ዓመት ስለሆነ ጊዜው እየነጎደ ነው። ክሱ የሚቀርበው መሬቱ ባለበት ወረዳ ፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜያዊ እግድም አብረው ይጠይቁ።

ፈቃድ አለን ያሉት ሰዎች ፈቃዳቸውን ከነካርታው ያሳዩ። የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የተሰጠው ቦታ ወሰን አለው። ፈቃድ ኖራቸውም አልኖራቸው የሰው ማሳ መናድ አይፈቀድላቸውም። በማኅበር ተደራጅተው በአካፋ የሚጭኑ ወጣቶች መኖራቸውን አልዘነጋሁም፤ እንጀራቸው ነው። ክስዎ ኤክስካቫተሩን ያሰማራውን ሰው ይመልከት።

ሌላም መንገድ አለ፤ እርስዎ ባሕር ዳር ስላሉ ይመችዎታል። አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ማንም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን የሚጎዳን ሰው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ስለዚህ በክረምት እንቁላል ለመጣል ከጣና ወደ ጉማራና ገባሮቹ የሚወጣውን ነጭ ዓሣም አቤቱታው ላይ ያንሱት፤ ዓሣው የሚራባው ጠጠርና ንጹህ ውኃ ባለበት ነው። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሰኞ ይመለሱ» ሲባል 60ው ቀን ያልፋል። አቤቱታውን መዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ግልባጭ ሳይዙ ከቢሮው እንዳይወጡ።

ማስረጃውን ደግሞ ክረምት ሳይገባ። ደራሽ ውኃ አዲስ አሸዋ አምጥቶ የተቆፈረውን ይሞላዋል። ጥቅምት ላይ ባለሙያ ሲመጣ ለጥ ያለ ወንዝ ያይና ምንም የለም ብሎ ይጽፋል። አባትዎ ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውኃው ያለውን በየሳምንቱ ይለኩ። ቀኑን ደብተር ላይ ጽፈው ሁለት ጎረቤት ያስፈርሙ። የተናደውን ዳር ከአንድ ቋሚ ዛፍ ጋር አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ በየጊዜው ከዚያው ቦታ ይድገሙት። የወረዳው መሬት አስተዳደር ማሳውን ለክቶ ከይዞታ ደብተሩ ጋር እንዲያነጻጽርም በጽሑፍ ይጠይቁ።

የመተላለፊያው ብር ግን አሳስቦኛል። ተከሳሾቹ «ራሳቸው ተስማምተው፣ ተከፍሏቸው ነው» ማለታቸው አይቀርም። መኪና እንዲያልፍ መፍቀድ ማሳ እንዲናድ መፍቀድ አይደለም፤ ይህን ማስረዳት ይቻላል። አባትዎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ምንም አይቀበሉ፤ ማለፍ መከልከላቸውንም ለቀበሌው በጽሑፍ ያሳውቁ። እስካሁን የተቀበሉትን ለጠበቃችሁ ሳይደብቁ ይንገሩ።