ዓሣው ከመግባቱ በፊት ስለ ውኃው፦ ለመጀመሪያው የኮራል አኳሪየም

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለ20 ጋሎን የአኳሪየም መስታወት እንደገዙ፣ ሻጩ ጨዉን በቧንቧ ውኃ በጥብጠው በሳምንቱ ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የባሕር ዓሦች ማስገባት እንደሚችሉ እንደነገርዎ፣ በቀረዎት ገንዘብም ጠንካራ መብራት ይግዙ ወይስ ሌላ ዕቃ ይቅደም ብለው እንደጠየቁ አነበብሁ። ለክላውንፊሾቹ መኖሪያ የምትሆን አኔሞኒስ (አበባ የምትመስል የባሕር እንስሳ) ከመጀመሪያው ብትገባ ምን አለበት የሚል ጥያቄም አክለዋል። እንደ እርስዎ የዋሽንግተን ነዋሪ ስለሆንሁና በዚሁ ከተማ ውኃ ለዓመታት ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ሳሳድግ ስለቆየሁ፣ ከልምዴ የማውቀውን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎት።

አጭሩ መልሴ መብራቱ ይቆይ የሚል ነው። ኮራል በተፈጥሮው የሚኖረው የጨዉ መጠን፣ ሙቀቱና በውስጡ የሟሙት ማዕድናት ከቀን ወደ ቀን እምብዛም በማይለዋወጡበት ውኃ ውስጥ ነው፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ጠባይ በ75 ሊትር መስታወት ውስጥ መጠበቅ ይኖርብናል። ድንጋዩና አሸዋው ቦታቸውን ሲይዙ የሚቀረው ውኃ 65 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ በትልቅ አኳሪየም ውስጥ ሳይታወቅ የሚያልፍ ለውጥ በትንሹ ውስጥ በአንድ ሌሊት ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት ውኃውን ንጹሕ ለማድረግና ባለበት ለማቆየት በሚያገለግሉ ዕቃዎች ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ላሳይ። ክዳን የሌለው የእርስዎን ያህል አኳሪየም፣ በተለይ በብርድ ወራት የቤቱ ማሞቂያ አየሩን ሲያደርቀው፣ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውኃ በትነት ሊያጣ ይችላል። የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨዉ እዚያው ይቀራል። ለአራት ቀን ሳይሞላ ቢቆይ 6 ሊትር ይጎድላል፤ ከሺህ 35 እጅ የነበረው የጨው መጠንም ወደ 38.6 ከፍ ይላል። በአምስተኛው ቀን ያ ሁሉ ንጹሕ ውኃ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥበት ደግሞ ጨዉ በድንገት ይወርዳል፤ ዓሣው ቢችለውም እንኳ ቀንድ አውጣውና ሽሪምፑ ይህን መውጣትና መውረድ አይችሉትም። አንዳንድ ጀማሪዎች የጎደለውን በጨው ውኃ ይሞላሉ፤ እንዲህ ሲሆን ጨዉ በየሳምንቱ እየተደራረበ ይሄዳል። በትነት የጎደለ ውኃ ሁልጊዜ ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይተካል። በዚህ ምክንያት ከመብራቱ በፊት እንዲገዙ የምመክርዎት አውቶ ቶፕ ኦፍ የሚባለውን፣ ውኃው ዝቅ ማለቱን በሴንሰር አውቆ ከጎኑ ካለ ማጠራቀሚያ ራሱ የሚሞላውን መሣሪያ ነው። ማጠራቀሚያው ግን ከ10 ሊትር ባይበልጥ ይሻላል፤ ሴንሰሩ ተበላሽቶ ፓምፑ ሳይቆም ቢቀር ጨዉን የሚያቀጥነውና ወለል ላይ የሚፈሰው ውኃ የተወሰነ ይሆናል።

የቧንቧውን ውኃ በተመለከተ የሻጩን ምክር አይቀበሉ። የዋሽንግተን ውኃ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በአብዛኛው ጀርም በሚገድለው በክሎራሚን ነው፤ ክሎራሚን እንደ ክሎሪን በባልዲ ስላደረ ብቻ በኖ የሚጠፋ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ደግሞ ከአሮጌ ቧንቧዎች ወደ ውኃው የሚገባውን እርሳስ ለመቀነስ ኦርቶፎስፌት የሚባል የፎስፌት ዓይነት ይጨመርበታል። ይህ ለሚጠጣው ሰው ጤና የተደረገ ተገቢ ሥራ ነው፤ ለእኛ ድንጋይ ግን ፎስፌት ማለት የአልጌ ማዳበሪያ ማለት ነው። መፍትሔው አር ኦ ዲ አይ የሚባለው፣ በውኃው ውስጥ የሟሙትን ነገሮች የሚያስወግደው ማጣሪያ ነው፤ ሲገዙ የካርቦኑ ክፍል ክሎራሚንን ለማስወገድ የተሠራ መሆኑን ይጠይቁ። ማጣሪያውን ለመግጠም ቤቱ የማይመች ከሆነ የተጣራ ውኃ ከአኳሪየም ሱቅ በጋሎን ይሸጣል፤ በዚያም ጊዜ ቢሆን ቲዲኤስ የምትባለውን፣ በውኃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የምታሳየውን ርካሽ መለኪያ ይዘው ይሂዱና ንባቡ ዜሮ መሆኑን ዓይተው ይክፈሉ።

ጨው መበጥበጥ ቀላል ቢመስልም ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ የተጣራውን ውኃ በንጹሕ የምግብ ባልዲ አድርገው ትንሽ ፓምፕና ማሞቂያ ይከቱበታል፤ ውኃው መንቀሳቀስ ሲጀምር ጨዉን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩበታል። ለ20 ሊትር 700 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ትክክለኛው መጠን እንደ ጨዉ ዓይነት ይለያያል። ጨዉን አስቀድሞ ውኃ የሚያፈስበት ሰው ካልሲየሙ ከአልካሊኒቲው (በውኃው ውስጥ ካሉት ካርቦኔቶች) ጋር ተጣብቆ ባልዲው ሥር እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ ሲቀመጥ ያየዋል፤ ያ የተቀመጠው ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራበት ማዕድን ነበር። ውኃው ከድፍርስነት ወጥቶ ጥርት ሲል፣ ሙቀቱም 25 ወይም 26 ዲግሪ ሲደርስ የጨዉን መጠን በሚያሳየው መሣሪያ በሪፍራክቶሜትር ይለኩታል። መለኪያውን ለዚሁ በተዘጋጀ፣ ጨዉ ከሺህ 35 እጅ በሆነ ፈሳሽ ያስተካክሉት፤ በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ ብቻ ማስተካከል እላይ ላይ ሲደርስ ስሕተት ይተዋል።

አሁን ሻጩ ዓሣው በሳምንቱ ይግባ ወዳለው ልምጣ። ዓሣ የሚያስወጣው አሞኒያ ለራሱ መርዝ ነው፤ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ እጅግ ዝቅ ወዳለው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ ድረስ መቆየት ግድ ነው። ደረቅ ድንጋይ ከሆነ ይህ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል፤ በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ ጊዜውን ሊያሳጥረው ይችላል። ከሕያው አኳሪየም የወጣ፣ ላይቭ ሮክ የሚባለው ድንጋይ ጥቂት ኪሎ ቢያገኙ ግን ከሁሉም ይሻላል፤ ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ትሎችና ጥቃቅን ነፍሳትም አብረው ይመጣሉ። ዓሣ ሳያስገቡ ለዚሁ የሚሸጠውን የአሞኒያ ፈሳሽ በሚሊዮን 2 እጅ እስኪሆን ድረስ ይጨምሩና በየሁለት ቀኑ ይመርምሩ። እኔ በምጠቀምበት የጠብታ መመርመሪያ አሞኒያ ሲኖር በጠርሙሷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አረንጓዴ ይሆናል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ተይዛ በቀን ብርሃን ጥርት ያለ ቢጫ እስክትመስል ድረስ አላምናትም። የተጨመረው አሞኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከነናይትራይቱ ጠፍቶ ዜሮ ከተነበበ አኳሪየሙ ዓሣ ሊሸከም ይችላል። ያን ጊዜ ከተከማቸው ናይትሬት ከፊሉን ውኃ በመቀየር ያስወጡታል። በዚሁ ወቅት አሸዋው ላይ ቡናማ ብናኝ ይነጠፍበታል፤ ዳያቶም የሚባል ጥቃቅን አልጌ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይጠፋልና መድኃኒት አይግዙለት።

የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ጥቂት ቀንድ አውጣዎች ቢሆኑ፣ ከዚያም ሁለቱ ክላውንፊሾች ቢከተሉ መልካም ነው። በእርባታ የተገኙትን ይምረጡ፤ ከባሕር ከተያዙት ይልቅ መስታወቱንም የተዘጋጀውንም ምግብ የለመዱ ናቸው። ክላውንፊሽ ሁሉ ወንድ ሆኖ ይጀምራል፤ ከሁለቱ ጉልበት ያላት በኋላ ወደ ሴትነት ትለወጣለች፤ ስለዚህ አንዱን ተለቅ ሌላውን አነስ አድርጎ መግዛት ጠብ ያስቀራል። (በእኛ በኩል ባለው በቀይ ባሕር የሚኖረው ክላውንፊሽ ሁለት ነጭ ቀበቶ ያለው ሌላ ዝርያ ነው፤ ብዙ ሱቅ የሚሸጠው ባለሦስቱ ነው። ቀይ ባሕር ጨዉም ከሺህ 40 እጅ ገደማ ይደርሳልና ለእኛ አኳሪየም መለኪያ አናደርገውም።) ታንግ የሚባለውን ሰማያዊ ዓሣ ግን ልጆች ቢለምኑዎትም አይግዙ፤ ለ20 ጋሎን የሚሆን ዓሣ አይደለም። ዓሣ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ቢያዩ መዳብ ያለበትን መድኃኒት ዋናው መስታወት ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ኮራሉንም ቀንድ አውጣውንም ይገድላል። ሕክምናው በተለየ መስታወት ይሁን።

ኮራል ዓሣው አንድ ወር ከቆየ በኋላ ቢገባ እመርጣለሁ። ማሽሩም፣ ሌዘርና ዞአንቲድ የሚባሉት ለስላሳ ዓይነቶች ለጀማሪ ይታገሣሉ፤ የአልካሊኒቲው ንባብ ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ) መካከል ሳይዋዥቅ መቆየቱን ለሳምንታት ካዩ በኋላ አጥንት ወደሚሠሩት ያልፋሉ። በየሳምንቱ 7 ሊትር ተኩል ውኃ መቀየር ለዚህ ዓይነቱ አኳሪየም በቂ ማዕድን ይመልስለታል። መብራቱ አስፈላጊ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ኮራሉ ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው በሥጋው ውስጥ ከሚኖረው አልጌ ነውና። ይሁን እንጂ አዲስ ኤልኢዲ በሙሉ ኃይሉ ከተበራ ኮራሉን ያነጣዋል፤ በኃይሉ ሲሶ ጀምረው በሳምንታት ከፍ ያድርጉት።

ዞአንቲድን ስጠቅስ በጥብቅ የማሳስብዎት ነገር አለ፤ ቤትዎ ልጆች እንዳሉም ጽፈዋል። ከዞአንቲድ ወገን አንዳንዶቹ፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ አላቸው። እነርሱ የበቀሉበትን ድንጋይ ቀቅለው ወይም በፈላ ውኃ አጥበው ለማጽዳት የሞከሩ ሰዎች እንፋሎቱን በመተንፈስ ብቻ ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል ገብተዋል። ድንጋይ አይቀቀልም፤ ከውኃ ውጭ በብሩሽ አይፈገፈግም። ኮራል ሲነኩ ጓንት፣ ሲቆርጡ የዓይን መከላከያ ያድርጉ፤ እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ያን ቀን እጅዎን አያስገቡ። የኤሌክትሪክ ገመዶቹም ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብለው ተመልሰው እንዲወጡ አድርጉ፤ በገመዱ የሚወርደው ጠብታ ሶኬቱ ሳይደርስ መሬት ይወድቃል።

አኔሞኒሷን በተመለከተ፣ አኳሪየሙ አንድ ዓመት ገደማ እስኪሞላው ያቆዩአት። በእርባታ ያደጉት ክላውንፊሾች ያለ እርሷ ያለ ችግር ይኖራሉ። አኔሞኒስ እንደ ኮራል ባስቀመጧት ቦታ አትቆይም፤ ብርሃኑና የውኃው ፍሰት ካልተስማማት ሌሊት እግሯን ነቅላ ትዞራለች፤ በመንገዷ ላይ ያለውን ኮራል ታቃጥላለች፤ ፓምፑ ውስጥ ገብታ ከተቆራረጠች ደግሞ 65 ሊትሩን በአንድ ጀምበር ትመርዘዋለች። ጊዜው ሲደርስ ጫፉ እንደ አረፋ ካበጠው ዝርያ በቀር በሌላ አይጀምሩ፤ ይህም ባብል ቲፕ በሚል ስም ይሸጣል። ከማስገባትዎ በፊት የፓምፑን አፍ በስፖንጅ ይሸፍኑት፤ ስፖንጁንም በየሳምንቱ ውኃ በሚቀይሩበት ቀን ያጥቡት።