የእንጨት ኒኬል አይታጠብም

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ በመጣ የአሮጌ ዕቃ ሳጥን ውስጥ «ቴናይኖ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ስስ አራት ማዕዘን እንጨትና «5 ሳንቲም» የሚል ክብ እንጨት አገኘሁ። ሁለቱም ገንዘብ ነበሩ?

መልስ፦ አራት ማዕዘኑ ዓመቱ 1932 ከሆነ ሰዎች በእርግጥ ተገበያይተውበታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1931 በዋሽንግተን ግዛት የምትገኘው የቴናይኖ ከተማ ባንክ ተዘጋ። ነዋሪው ጥሬ ገንዘብ ሲያጣ የከተማዋ ንግድ ምክር ቤት በስስ እንጨት ላይ የታተመ ጊዜያዊ መገበያያ አወጣ። ዓመቱን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ከተማዋ በ2020 በኮሮና ወቅትም ባለ 25 ዶላር የእንጨት ገንዘብ አትማለች። ክቡ «የእንጨት ኒኬል» ይባላል፤ ኒኬል የአሜሪካ 5 ሳንቲም ነው። በአብዛኛው የበዓል፣ የኤግዚቢሽን ወይም የሱቅ ማስታወቂያ መታሰቢያ ነው። የማብቂያ ቀን ከታተመበት ግን ነጋዴዎች እስከዚያ ቀን በ5 ሳንቲም ይቀበሉት ነበር ማለት ነው።

ቅጂ ከመሰለዎት 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ይዩት። በፊደል ማተሚያ የታተመ ቀለም በፊደሉ ጠርዝ ላይ ይጠራቀማል፣ እንጨቱም በጥቂቱ ይሰረጉዳል። በኮምፒውተር የታተመው ጥቃቅን ነጠብጣብ ያሳያል። የእንጨቱን መጥቆር ግን አይመኑ፤ በሻይ ማጥቆር ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ክቡ ቆሽሿል፣ ጎብጧልም። እንዴት ላጽዳው?

መልስ፦ እባክዎ ውኃም አልኮልም አያስነኩት። ውኃ የእንጨቱን ጭረት (ቃጫውን) ያሳብጣል፣ አልኮል የማኅተሙን ቀለም ያሟሟል፤ የዚህ ዕቃ ዋጋ ደግሞ ያለው ቀለሙ ላይ ነው። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያራግፉና ይተዉት። አሸዋ ወረቀትና ቫርኒሽም እንዲሁ ያበላሹታል፤ ቫርኒሽ አንዴ ከተቀባ ቀለሙን ሳይነኩ ማስለቀቅ አይቻልም።

የጎበጠው አንዱ ፊቱ ከሌላው ቀድሞ ስለደረቀ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት መምጠጫ ወረቀት መካከል፣ ቀላል መጽሐፍ ጭነውበት ለጥቂት ሳምንታት ያቆዩት። በእጅ ካቃኑት በጭረቱ ይሰነጠቃል።

ዕቃው የተቀመጠበት ኪስ ለስላሳና የፕላስቲክ ሽታ ያለው ከሆነ ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ሊሆን ስለሚችል ይጣሉት፤ በጊዜ ብዛት ያጣብቃል፣ ቀለሙንም ይወስዳል። የፖሊስተር ኪስ ይግዙ፤ የተለመደው ክብ ስፋቱ 38 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ባለ 5 ሴንቲሜትሩ ይበቃዋል። ስለ ዕቃው የሚጽፉትን ሁሉ በእርሳስ ኪሱን በያዘው ፖስታ ላይ ይጻፉ።

ከቀዳዳ የሚረግፍ አዲስ ብናኝ ካዩ ነቀዝ አለበት። በላስቲክ በደንብ አሽገው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ያቆዩት። ካወጡት በኋላ እሽጉን ለ24 ሰዓት አይክፈቱ፤ ቀድመው ከከፈቱት ጤዛ ይይዘዋል።