ለሦስት ቀን ተገዝቶ ለሦስት ዓመት የሚቀመጥ አክሲዮን

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «በሦስት ቀን ላተርፍበት ብዬ አክሲዮን በ100 ዶላር ገዛሁ፤ አሁን 80 ገብቷል። ኢንቨስትመንት አድርጌ ልያዘው?» ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ድሮ «ታገስ፣ ይመለሳል» እያልኩ መመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ይህችን አንድ ግዢ በዝግታ እንያት።

ትሬዲንግን፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ገዝቶ መሸጥን፣ ከኢንቨስትመንት የሚለየው የጊዜው ማጠርና መርዘም ብቻ አይደለም፤ የተገዛበት ምክንያት ነው። ትሬደር የሚገዛው የዋጋውን እንቅስቃሴ ነው፤ ኢንቨስተር ደግሞ ድርጅቱ ወደፊት የሚያስገባውን ገንዘብ። የመሸጫው ምክንያትም ከዚያው ይመጣል፦ አንዱ ዋጋው ካሰበው መስመር ሲወርድ፣ ሌላው ድርጅቱ ሲዳከም ይሸጣል። ይህ ልጅ በአንደኛው ምክንያት ገብቶ በሁለተኛው ሊቆይ ፈለገ።

በሂሳቡ 50,000 ዶላር አለው እንበል። በአንድ ግዢ ከ1 በመቶ በላይ ላለማጣት ከወሰነ፣ ለኪሳራ የፈቀደው 500 ዶላር ነው። መግቢያው 100፣ መውጫው 95 ከሆነ በአንድ አክሲዮን የሚያሰጋው 5 ዶላር ነው፤ 500 ለ5 ሲካፈል 100 አክሲዮን ይገዛል ማለት ነው። ዋጋው 95 ሲደርስ መሸጥ ነበረበት፤ አልሸጠም፤ 80 ላይ ኪሳራው 2,000 ሆነ። «አማካይ ዋጋዬን ላውርድ» ብሎ ሌላ 100 አክሲዮን በ80 ቢጨምር አማካዩ 90 ይሆናል። ዋጋው 60 ሲገባ ግን 6,000 ዶላር ሄዷል። አንድ ግዢ የ12 ግዢ ኪሳራ በላ።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ ስሌቱ ያሳያል። ትሬደር ከ10 ግዢ በ4ቱ ብቻ አሸንፎ ሊያተርፍ ይችላል፦ በ4ቱ 10፣ 10 ቢያገኝና በ6ቱ 5፣ 5 ቢያጣ 10 ይተርፈዋል። የከሰሩትን 6 ግን እስከ 10 ዶላር ኪሳራ ካቆያቸው ትርፉ ጠፍቶ 20 ይከስራል። የመረጣቸው አክሲዮኖች አልተለወጡም፤ የመውጫው መስመር ብቻ ተገፋ።

ስቶፕ ሎስም፣ ማለትም ዋጋው ከወሰናችሁት መስመር ሲደርስ እንዲሸጥ አስቀድማችሁ የምትሰጡት ትዕዛዝ፣ ዋስትና አይደለም። ዋጋው መስመሩን ሲነካ ትዕዛዙ በተገኘው ዋጋ ወደ መሸጥ ይለወጣል። ማታ 97 የተዘጋ አክሲዮን በመጥፎ ዜና ጠዋት 88 ቢከፈት፣ 95 ላይ ያስቀመጣችሁት 88 አካባቢ ይሸጣል። ግንቦት 6 ቀን 2010 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ገበያ በደቂቃዎች ውስጥ ሲናጥ አንዳንድ አክሲዮኖች እስከ 1 ሳንቲም ወርደው ተሸጠዋል። ስለዚህ የሦስት ቀን ግዢን ድርጅቱ የሩብ ዓመት ሪፖርቱን በሚያወጣበት ምሽት ይዛችሁ አትደሩ።

ወጪውም አለ። የመግዣውና የመሸጫው ዋጋ ልዩነት 0.1 በመቶ ብቻ ቢሆን፣ ሙሉ ገንዘባችሁን በዓመት 200 ጊዜ ብታገላብጡ 20 በመቶው ለልዩነቱ ይሄዳል። ባርበርና ኦዲን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 1996 (እ.ኤ.አ.) የ66,465 አሜሪካውያን ቤተሰቦችን ሂሳብ አጥንተው ነበር፤ ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ሲያስገኝ፣ አብዝተው የሚገዙና የሚሸጡት ያገኙት 11.4 ነበር።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ ይልቅ ፈጣን ናችሁ፤ የዋጋ ቻርት ታነባላችሁ፤ የሂሳብ መግለጫ ግን ይሰለቻችኋል። ይህ ያሳዝነኛል። ትሬዲንግ አትሞክሩ አልልም፤ በተለየ ሂሳብ፣ ያለ ብድር ይሁን። ልቤን ብትጠይቁት ግን አትሞክሩ ነው የሚላችሁ።

ልጄ ሆይ፣ ወደ 80ው አክሲዮንህ ልመለስ። የ100ውን ዋጋ እርሳውና የድርጅቱን የአምስት ዓመት የገንዘብ ፍሰት መግለጫ አውጣ። ከሥራው የሚገባው ጥሬ ገንዘብ ከተመዘገበው ትርፍ ጋር አብሮ ያድጋል? ትርፉ እያደገ ጥሬ ገንዘቡ ከቀነሰ፣ ደንበኞች ያልከፈሉት ሂሳብ ተከምሮ እንደሆነ ተመልከት። ዕዳው ስንት ነው፣ መቼስ ይከፈላል? የአክሲዮኑ ብዛት በየዓመቱ እየጨመረ ያንተን ድርሻ እያሳነሰ ነው? ይህን ሁሉ አይተህ ዛሬ በእጅህ ባይኖር በ80 ትገዛው እንደሆነ፣ ምክንያቱን በሁለት መስመር ጽፈህ ያዘው። መጻፍ ካቃተህ ነገ ገበያው ሲከፈት ሽጠው።