የድንጋይ ሐውልትና የአርኪዮሎጂ እንግሊዝኛ፦ የላካችሁልኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አክሱም፣ ስለ ጢያ፣ ስለ ሌላውም የጥንት ድንጋይ በእንግሊዝኛ ስታነቡ ያስቸገራችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር፣ ከጠበኩት በላይ ነው የላካችሁት። ስድስት ኪሎ አርኪዮሎጂ ተምሬ አሁን አራት ኪሎ አካባቢ ለአስጎብኚዎች እንግሊዝኛ ስለማስተምር ጥያቄዎቹ አዲስ አልሆኑብኝም። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል፣ አብዛኞቻችሁ የላካችሁት ረዣዥሙንና አስፈሪውን ቃል ነው፣ እሱ ችግር የለውም ዲክሽነሪ ከፍቶ ማየት ነው። የሚያሳስተን ከልጅነታችን የምናውቀው ቀላሉ ቃል ነው፣ እናውቀዋለን ብለን ስለምናልፈው። እሱ ላይ በደንብ እቆያለሁ።

ጥያቄ (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ አራት ኪሎ)፦ ጋሼ እንግሊዝኛው አንዴ ስቴሌ አንዴ ኦቤሊስክ አንዴ ሞኑመንት ይላል፣ እኛ ሁሉንም ሐውልት ነው ምንለው፣ ልዩነቱ ምንድነው?

መልስ፦ ጎሽ፣ ከሰፈርህ ልጀምርልህ። ጊዮርጊስ ጋ ፈረስ ላይ ያሉት አጼ ምኒልክ ስታቹ ናቸው፣ የሰው ምስል ስለሆነ። እዛው አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት ደሞ ሞኑመንት ነው፣ ለመታሰቢያ የቆመ ማለት ነው፣ ቃሉ ሰፊ ስለሆነ ስታቹውንም ሞኑመንት ብትለው አልተሳሳትክም። ስቴሌ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ ወጥ ድንጋይ ነው፣ ጌጥ ወይ ጽሑፍ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ ብዙ ጊዜ መቃብር ጋ ነው ምታገኘው። ኦቤሊስክ የግብጾቹ ነው፦ አራት ጎን አለው፣ ወደላይ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ፒራሚድ አለ። የአክሱሞቹ ትላልቆች ጫፋቸው ክብ ነገር ስለሆነ ምሁራኑ ስቴሌ ይሏቸዋል፣ ጋዜጣው ግን ኦቤሊስክ ማለት ለምዷል፣ ስለዚህ አንድ ጽሑፍ ላይ ሁለቱንም ብታይ ሁለት የተለያየ ድንጋይ እንዳይመስልህ።

ጥያቄ፦ አነባበቡስ? ስቴል ነው ስቴሌ?

መልስ፦ ስቲሊ ብለህ አንብበው። ሌላው አጻጻፉ ስቲላ ነው፣ እሱ ሲበዛ ስቲሊ ይሆናል፣ ስቲላይ የሚሉም አሉ። እኛ አገር ስቴሌ ስለተለመደ ስንነጋገር ማንም አይቀየምህም። ስትራተም የምትለዋም እንደዚሁ ናት፣ አንድ የአፈር ንብርብር ስትራተም፣ ሲበዛ ስትራታ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ "ድሬስድ ስቶን" የሚል አጋጠመኝ፣ ጓደኛዬ "የለበሰ ድንጋይ" ነው አለኝ፣ በምን ነው የለበሰው?

መልስ፦ ይሄ ነው እንግዲህ ቀላሉ ቃል ያልኩት። ድሬስ ማለት ድንጋይ ላይ ሲመጣ ጠርቦ ማስተካከል ነው፣ ድሬስድ ስቶን ጥርብ ድንጋይ ነው በቃ። እንደሱ ያሉ ደሞ ብዙ አሉ። ኮርስ ስንል ትምህርት ይመጣብናል አይደል፣ ግንብ ላይ ግን አንድ አግድም የድንጋይ ረድፍ ነው፣ "ዘ ሎወር ኮርሲስ ሰርቫይቭ" ካለህ የግድግዳው የታችኞቹ ረድፎች ብቻ ቀርተዋል ማለቱ ነው። ፒያሳ ከቀሩት የድሮ ድንጋይ ቤቶች አንዱ ጋ ቆም በልና ግድግዳውን ከታች ወደላይ ቁጠረው፣ እያንዳንዱ ረድፍ ኮርስ ነው፣ የማዕዘኑ ድንጋይ ከሌላው የተሻለ ተጠርቦ ታየዋለህ።

ሪሊፍ ደሞ አለ፣ ስንሰማው እርዳታ እህል ነው ሚመጣብን። እዚህ ግን ከጀርባው ወጣ ብሎ የተቀረጸ ምስል ነው። ስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ዙሪያውን ያሉትን ምስሎች አይተሃቸዋል፣ እነሱ ሪሊፍ ናቸው። የአክሱም ሐውልት ላይ መስኮቱ፣ አግዳሚ እንጨቱ፣ በሩ ሁሉ የተቀረጸው በሪሊፍ ነው። ታች ላይ ያለችውን በር እንግሊዝኛው "ፎልስ ዶር" ይላታል፣ የተሳሳተ በር ማለት አይደለም፣ የማይከፈት በር መስሎ የተቀረጸ ማለት ነው። ከመስኮቶቹ መሀል የተደረደሩትን ክብ ክብ ነገሮች "መንኪ ሄድስ" ይላቸዋል፣ የዝንጀሮ ጭንቅላት ፈልገህ እንዳትደክም፣ ከግድግዳ ወጥቶ የሚታይ የእንጨት ጫፍ ናቸው፣ የጥንቱ የአክሱም ቤት በድንጋይና በእንጨት ሲሠራ ጫፉ እንደዛ ይወጣ ነበር፣ ጠራቢዎቹ ያንን ቤት ነው በድንጋይ የቀረጹት። "ሰርቲን ስቶሪስ" የሚልም ታገኛለህ፣ 13 ታሪክ ሳይሆን 13 ፎቅ ነው፣ ወድቆ የተሰባበረው ትልቁ ሐውልት 13 ፎቅ ያለው ቤት መስሎ ነው የተቀረጸው። 33 ሜትር አካባቢ ርዝመት፣ ክብደቱ ከ500 ቶን በላይ፣ ከአንድ ድንጋይ! እኔ ይሄን ሁሌ ሳነብ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ሜጋሊት፣ ሞኖሊት፣ ሜንሂር፣ ዶልመን፣ ሁሉም ድንጋይ ነው አይደል?

መልስ፦ አዎ። ሊት ያለበት ሁሉ ድንጋይ ነው፣ ከግሪክ የመጣ ነው። ሜጋ ትልቅ፣ ሞኖ አንድ፣ ትሪሊቶን ሦስት፣ ማለትም ሁለት ቆመው አንድ ከላይ የተጋደመባቸው፣ እንግሊዝ አገር ስቶንሄንጅ ላይ እንዳለው። ሜንሂር ብቻውን የቆመ ነው። ዶልመን ትላልቅ ድንጋይ አቁመው ከላይ ጠፍጣፋ የጫኑበት መቃብር ነው፣ በሐረርጌ በኩል ጨርጨር ላይ እኛም አለን። ሞኖሊቲክ ቸርች ካለህ ደሞ ከአንድ ወጥ ዓለት የተፈለፈለ፣ ላሊበላ ማለት ነው፣ ሮክ ሂውንም ይሉታል።

ጥያቄ (አንዲት እህት፣ ከካዛንቺስ)፦ መምህር ዓመተ ምሕረቱ ያደናግረኛል፣ ቢሲ አለ ቢሲኢ አለ ቢፒ አለ፣ አንዳንዴ ደሞ ሲ ከነ ነጥቧ ከፊቱ ትቀመጣለች።

መልስ፦ እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። ቢሲና ቢሲኢ አንድ ናቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት። ኤዲና ሲኢም አንድ ናቸው፣ በኋላ። ሲ ከነ ነጥቧ "ገደማ" ናት፣ ሰርካ ተብላ ትነበባለች። ቢፒ ግን ሌላ ነው፣ "ከአሁን በፊት" ይላል፣ ግን ያ "አሁን" ዛሬ አይደለም፣ በፈረንጅ 1950 ላይ ቆሟል፣ ሁሉም ላብራቶሪ ከአንድ ቦታ እንዲቆጥር ተስማምተው ነው። ስለዚህ 2500 ቢፒ ካየሽ 1950ን ቀንሺለት፣ 550 ቢሲ አካባቢ ይመጣልሻል፣ ካል (ካሊብሬትድ፣ የታረመ) የምትል ቃል ከፊቱ ከሌለች ደሞ ቁጥሩ ገና አልታረመም፣ ትክክለኛው የዘመን ቁጥር ይለያያል። ከኋላው የምትመጣው ሲደመር ሲቀነስ ምልክት ግምት እንጂ አጥር አይደለችም፣ ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ቁጥር በዛ መሀል የመሆን ዕድሉ 68 ከመቶ ገደማ ነው ማለት ነው፣ ከዛ ውጪም ሊሆን ይችላል።

ሴንቸሪም ተጠንቀቂ። ፎርዝ ሴንቸሪ ኤዲ ማለት 300ዎቹ ናቸው፣ 400ዎቹ አይደሉም፣ የንጉሥ ኢዛና ዘመን እሱ ነው። ቢሲ ሲሆን ደሞ ቁጥሩ ወደታች ነው የሚሄደው፣ ትግራይ፣ የሃ ላይ ያለው ትልቁ ቤተ መቅደስ ሰቨንዝ ሴንቸሪ ቢሲ አካባቢ ሲሉት ከፊፍዝ ሴንቸሪ ቢሲ የሚቀድም ነው። እና የኛን አቆጣጠር አትርሺ፣ እንግሊዝኛው ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1974 ተገኘች ካለ በኛ ኅዳር 1967 ነው፣ ስትተረጉሚ የቱን እንደምትጠቀሚ መጀመሪያ ወስኚና እስከ መጨረሻው እሱን ያዢ፣ ግማሹን በኛ ግማሹን በፈረንጅ የጻፈ ጽሑፍ አንባቢውን ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ ድንጋዩን ራሱን በካርቦን ይለኩታል?

መልስ፦ አይለኩትም። ሬድዮካርቦን በሕይወት ለነበረ ነገር ነው፦ ከሰል፣ አጥንት፣ ዘር፣ እንጨት። እሱም እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ነው የሚሠራው። ድንጋዩ በሌላ ዘዴ ቢለካ እንኳ መቼ ተፈጠረ እንጂ መቼ ቆመ የሚለውን አይነግርህም። ስለዚህ ከሥሩ ወይ ከአጠገቡ በቁፋሮ የተገኘውን ነው የሚለኩት፣ ጢያ ላይ ከሐውልቶቹ ጋር መቃብሮች ተቆፍረው እንደተገኙት። በዚህ ምክንያት ነው ኮንቴክስት የምትለዋ ቃል እዚህ ሙያ ውስጥ ትልቅ የሆነችው። ጽሑፍ ስናነብ ኮንቴክስት ዐውድ ነው እንላለን፣ እዚህ ግን ዕቃው መሬት ውስጥ የተቀመጠበት ትክክለኛ ቦታና አፈሩ፣ አብሮት የነበረው ሁሉ ማለት ነው። ኢን ሲቱ ካለ ከመጀመሪያ ቦታው ሳይነሳ ማለት ነው፣ ዲስተርብድ ካለ ደሞ ተነካክቷል፣ ያኔ ዘመኑን ማመን ይከብዳል። ፋይንድ ስም ሆኖ ይመጣል፣ "ኤ ፋይንድ" የተገኘ ዕቃ ነው። ፊቸር ደሞ ሊነሳ የማይችል የሰው ሥራ ነው፣ ምድጃ፣ ጉድጓድ፣ ግድግዳ። አርቲፋክት ይነሳል ፊቸር አይነሳም ብለህ ያዘው። ሸርድ በኢ ተጽፎ ካየኸው የሸክላ ስባሪ ነው፣ ገል።

ጥያቄ (መልካ ቁንጡሬ ሄዶ የመጣ)፦ ሃንድአክስ ይላል ግን እጀታ የለውም፣ መጥረቢያ ከሆነ እንዴት?

መልስ፦ እጀታ ኖሮት አያውቅም፣ በመዳፍ ተይዞ የሚሠራበት ሁለቱም ፊቱ የተጠረበ ድንጋይ ነው። ኮር የሚሉህ የሚጠረበው ዋናው ድንጋይ፣ ፍሌክ ከሱ ተመትቶ የሚወጣው ስለታም ስንጥር፣ መጥረቡ ናፒንግ፣ ኬዋን አታነባትም። እዛው መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ባልጭት ላይ ያለው ጥቁሩ አብረቅራቂ ድንጋይ ኦብሲዲያን ነው።

ጥያቄ (አስጎብኚ፣ ፒያሳ)፦ ወንድሜ፣ መጽሐፍ አንብቤ ነው የማስረዳው ግን አንዳንድ ቱሪስት "እሱ እኮ እርግጠኛ አይደለም" ይለኛል። ምንድነው የማጠፋው?

መልስ፦ ወንድሜ ይሄን ጥያቄ ስለላክህ ተባረክ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ምታጠፋው ታሪኩን አይደለም፣ ትንንሾቹን ቃላት ነው ምትዘላቸው። ትልቁ የአክሱም ሐውልት ላይ እንግሊዝኛው "ፕሮባብሊ ፌል ዱሪንግ ኢሬክሽን" ይላል፣ ኢሬክሽን ማቆም ነው፣ እኛ ወደ አማርኛ ስናመጣው "ሲያቆሙት ወደቀ" ብለን እንጨርሰዋለን። ጸሐፊው ግን ያለው "ሲያቆሙት ሳይወድቅ አልቀረም" ነው። ፕሮባብሊ ሳይሆን አይቀርም፣ ሜይ ሃቭ ሊሆን ይችላል፣ አፒርስ ቱ ይመስላል፣ ኢዝ ቶት ቱ ደሞ አብዛኞቹ ምሁራን እንደሚያስቡት። አማርኛችን ለእያንዳንዱ ቃል አለው፣ የጠፋ ነገር የለም፣ ስንቸኩል ነው እንጂ የምንጥለው። "ትራዲሽናሊ አትሪቢዩትድ ቱ" ካለ "ይባላል" በል። አክሱም ዱንጉር ላይ ያለውን ፍርስራሽ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፣ አርኪዮሎጂስቶቹ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተሠራ የአክሱም ዘመን ሕንጻ ነው ይላሉ። ሁለቱንም ንገረው፣ አንዱ ትውፊት ነው አንዱ ቁፋሮ፣ እንግዳው ሁለቱንም ሰምቶ ያከብርሃል። "ኮንቴስትድ" የምትል ቃል ካየህ ደሞ ምሁራኑ ገና እየተከራከሩ ነው ማለት ነው፣ እዛ ላይ አንዱን ወገን ብቻ ይዘህ አትሩጥ።

ጥያቄ፦ ከሮም ስለተመለሰው ሐውልት ሳነብ ሪሙቭድ፣ ሉትድ፣ ሪፓትሪየትድ ይላል፣ የትኛው ነው ትክክል?

መልስ፦ ቃሉን የመረጠው ሰው አቋሙንም እየነገረህ ነው፣ ስለዚህ በደንብ አንብበው። ሪሙቭድ ተነሳ ነው፣ ማን አነሳው አይልም። ቴክን ቱ ሮም ተወሰደ ነው፣ እሱም ወሳጁን ደብቆታል። ሉትድ ተዘረፈ ነው። የሆነው ግልጽ ነው፣ በ1937 በፈረንጅ፣ ጣሊያን አገራችንን ይዛ በነበረ ጊዜ ወስዳ ሮም መሀል አቆመችው፣ እኔ ስጽፍ ሉትድ ነው ምለው፣ ሌላ ቃል አይመጣልኝም። ሪፓትሪየትድ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ በ2005 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ። ሪኢሬክትድ እንደገና ቆመ፣ በ2008። እዚህ ጋ ሪስቶርና ኮንሰርቭም ይመጣሉ፣ ኮንሰርቭ ያለውን ከጉዳት መጠበቅ ነው፣ ሪስቶር ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ። በቁጥር ሲጠሩት ስቴሌ 2 እሱ ነው፣ ስቴሌ 1 ወድቆ ያለው ትልቁ፣ ስቴሌ 3 ሳይወድቅ እስከዛሬ የቆመው።

ጥያቄ፦ ልምምድ የት ልጀምር? መጽሐፉ ውድ ነው።

መልስ፦ ናሽናል ሙዚየም አምስት ኪሎ ግባ፣ ደብተር ይዘህ። ዕቃውን ብቻ አይተህ አትለፍ፣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ገልብጥ። ድንቅነሽ ጋ ስትደርስ ካስት የሚል ቃል ፈልግ፣ የፊልም ተዋናይ አይደለም፣ ከዋናው ላይ በቅርጽ የተወሰደ ቅጂ ነው፣ ዋናው አጥንት ለብቻው ተጠብቆ ነው የሚቀመጠው። ኤኤል 288 ሰረዝ 1 የሚለው ቁጥር ደሞ ኤኤሉ አፋር ሎካሊቲ ነው፣ የተገኘችበት ቦታ ቁጥር። ከዛ ወመዘክር ገብተህ ስለ አንዱ ዕቃ ብቻ አንብብ፣ ስለ ሁሉም አይደለም። የገለበጥከውን ላክልኝ፣ ያልገባህን አብረን እናየዋለን።