ደም እየታየኝ መጸለይ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከማኅፀኔ በር ላይ ፖሊፕ (ትንሽ ትርፍ ሥጋ) ወጥቶልኝ ቤት ተኝቻለሁ። ጥቂት ደም ይታየኛል። ሐኪሟ ለ2 ሳምንት ከባድ ነገር እንዳላነሣ፣ ከባለቤቴም ጋር እንዳልገናኝ አዛኛለች። መድኃኒቱ ጠዋት ከምግብ በኋላ ነው፤ ጾም ላይ ነን። ስግደቱን ትቼ ስተኛ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ደም ስላለብኝም የጸሎት መጽሐፌን መንካት ፈራሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይማርሽ። ቤተ መቅደስ ስለ መግባትና ስለ ቁርባን ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ አልደግመውም። እኔን ያሳዘነኝ የመጨረሻው ቃልሽ ነው። ይህን ከስንት እኅቶች ሰምቻለሁ! ደም ሲያዩ ጸሎት ያቆማሉ። አባታቸውን አብዝተው በሚፈልጉበት ሰዓት ዝም ይሉታል። ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ብላ አላስተማረችም።

እስኪ ማርቆስ ምዕራፍ 5ን አንብቢ። ያቺ ሴት 12 ዓመት ደም ፈስሷታል። ከሕዝቡ መሐል ከኋላ መጥታ የጌታችንን የኢየሱስን ልብስ ነካች። ልብ በይ፣ ስትቀርበው ደሟ ገና አልቆመም ነበር። «ማን ነካኝ?» ሲል እየተንቀጠቀጠች ወደቀች። ቁጣ ነበር የጠበቀችው። እሱ ግን «ልጄ ሆይ» አላት። አንቺንም የሚጠራሽ በዚሁ ስም ነው። መጽሐፍሽን አንሺ። መቀመጥ ካቃተሽ ተኝተሽ ጸልዪ።

መተኛትሽም ስንፍና አይደለም። ኤልያስ ደክሞት ሞቱን ሲለምን መልአኩ ምን አደረገ? ምግብ አቀረበለት። በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ሲመጣም «ተነሥተህ ብላ» ነው ያለው። ስለዚህ ምግብሽን ብዪ፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ውሰጂ፤ ቢሻልሽም ሳትጨርሺው አታቋርጪ። ስለ ጾሙ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ያቀልሉልሻል። ስግደቱ ቁስሉ እስኪሽር ይቆይ። ጎንበስ ቀና ማለቱ ደሙን ሊያባብሰው ይችላል።

ባለቤትሽ ካጉረመረመ ይህን አንብቢለት። 2 ሳምንት ሚስቱን መጠበቅ ለእሱም ጾም ነው።

አንድ ነገር አደራ። ጥቂት ደም ለተወሰኑ ቀናት ቢታይ አይግረምሽ። ነገር ግን በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚሞላ ከሆነ፣ ትኩሳትሽ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየሽ ወይም የሆድሽ ሕመም እየባሰ ከሄደ፣ ጸሎቴን ልጨርስ ብለሽ እንዳትቆዪ። መንገድ ላይ እየጸለይሽ ወደ ሐኪም ሂጂ።